የአንድ ቀን ይለፍ

ቶማሲና ኬፐርስ የወንድሟን ቀብር ለማስፈቀድ ጎልፍ ክለቡ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠች አርባ ደቂቃ አልፏታል። አስቡት እንግዲህ! የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ወንድሟ ሰኞ ጠዋት ሞቶባት፣ እናቱ አጠገብ አፈር ላልብሰው ብላ ኳስ በዱላ የሚመቱ ሰዎችን ደጅ ትጠናለች።

ሰፈርተኛው ሲና ነው የሚላት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ መቀመጥ ታውቅበታለች፤ ዛሬ ግን አልዋጥ ብሏታል። አዳራሹ ያቅለሸልሻል። የሸተተ ነገር ኖሮ አይደለም፤ እንዲያውም አበባ አበባ ይላል። ነገሩ ግድግዳው ላይ ነው። የሄርንደን ቤተሰብ ወንዶች፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጺማቸውን አበጥረው፣ በወርቅማ ፍሬም ውስጥ ተደርድረው እንግዳ ይቀበላሉ። የሲናን ቅድመ አያት በጨረታ የገዛው ሰውዬ ከቡና ማሽኑ በላይ ነው የተሰቀለው። ሰው እየመጣ በሱ ሥር ስኳሩን ያማስላል።

አጠገቧ የሟቹ ልጅ ዴልሮይ ተቀምጧል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቀጭኗ ወንበር ከሥሩ ትጮኻለች። ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ነበር፤ ርዕሱ «ሄርንደን ፕላንቴሽን፦ የአምስት ትውልድ መልካም ኑሮ» ይላል።

«ምን ይላል አክስቴ?»

«‹ደሴቲቱ በሄርንደን ቤተሰብ ዘመን ለማች› ይላል።»

«በማን እጅ?»

«እሱን አልጻፉም። ጥጡ ራሱን እየለቀመ ነዋ! እየለቀመ፣ እየተሸከመ፣ መርከብ ላይ እየወጣ።»

ዴልሮይ ሳቀ፤ ወዲያው አባቱ ትዝ አለውና ሳቁን ቆረጠ።

መጽሔቱ የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ። ሄርንደኖች ወደዚህች የሳውዝ ካሮላይና ደሴት ሲመጡ ረግረግና ጫካ ነበረች። ከመርከብ የገዟቸውን ሰዎች አሰማርተው መነጠሯት፤ ጥጥ ዘሩባት፤ ሀብታም ሆኑባት። የእርስ በርስ ጦርነቱ መጥቶ ባርነት ሲቀር ጌቶቹ ለጊዜው ሸሹ፤ ነፃ የወጣው ሰው ግን የት ይሂድ? በሰሜን በኩል ጠርዝ ጠርዙን ትንንሽ መሬት እየገዛ ቤት ሠራ። መቃብሩ ግን ረግረጉ ዳር፣ ሄርንደን አጥር ውስጥ ቀረ። የዚያን ጊዜው ሄርንደን «የሞተባችሁን እዚያው ቅበሩ፣ ማንም አይነካችሁም» አለ። የሲና ሰዎችም አመኑት። ወረቀት ስጠን አላሉም። በቃል ብቻ መቶ ዓመት ሙሉ እዚያው ቀበሩ። ወይ የኛ ነገር! ነፃ ወጥቶ ለሸጠው ጥጥ ሁሉ ደረሰኝ የሚቀበል ሰው፣ ለአጥንቱ ማረፊያ ቃል ይበቃዋል ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ የመጨረሻው ሄርንደን፣ ትንኝ የማይወድ የከተማ ሰው፣ ደሴቱን ለኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ኬላ አቆመ፣ የጎልፍ ሜዳ አነጠፈ፣ ቪላ ደረደረ። «ፕላንቴሽን»፣ የጌታና የባሪያ እርሻ፣ የሚለውን ስም ግን አልቀየረም፤ ገዢ ይወደዋል አሉ። የባሪያዎቹ ጎጆዎች የነበሩበት መንገድ ዛሬ «የጎጆ ጎዳና» ይባላል፤ ባለ ሦስት ጋራዥ ቤት ተሠርቶበታል። ድንቄም ጎጆ!

የሲና ባል ሮስኮም እዚያው ተቀጠረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሣሩን አጨደ። ሜዳው ወደ መቃብሩ እንዳይገፋ በየዓመቱ አንድ እርምጃ እየቀነሰ የሚያጭደው እሱ ነበር፤ አለቆቹ አንድም ቀን አላወቁበትም። ጡረታ ሲወጣ ኬክ ቆረሱለት፣ ስጦታ ጠቅልለው ሰጡት፣ አጨበጨቡለት። በሁለተኛው ዓመት ሞተ። እዚያው ረግረጉ ዳር፣ ከሲና እናት ጎን ቀበሩት። ለወንድሟ ለክሊቭላንድ የተተወው ቦታ በእናቱ ሌላኛው ጎን ነው። ሰውዬው ሳንባው ታፍኖ ሊሞት ሲል እንኳ የሲናን እጅ ይዞ «እማዬ ጋ፣ እሺ?» ነበር ያላት። እሺ ብላዋለች።

እሺ ያለችው ነገር አሁን ቦርሳዋ ውስጥ በአንድ ደብዳቤ ተሰርዟል። «የመቃብር ቦታው ታሪካዊ ቅርስ ነው። ከባርነት ዘመን ወዲህ ሰው ስለመቀበሩ ማስረጃ ባለመገኘቱ አዲስ ቀብር አይፈቀድም።» ፍርድ ቤት ቢኬድም፣ ዳኛው እስኪወስን ክሊቭላንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊከርም ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ኪትሪጅ ይባላል፤ ዕድሜው ከዴልሮይ ያንሳል፤ ጥርሱ ሁሉ ነጭ፣ ሸሚዙ ደረት ላይ የክለቡ ምልክት፣ አንድ የወርቅ ዘንባባ፣ ተጠልፎበታል።

«ቶማሲና! እንዴት ነሽ? ስለ ወንድምሽ በጣም አዝኛለሁ።»

ቶማሲና! እናቱን በሁለት ዓመት የምትበልጥ ሴት!

«ሚስ ኬፐርስ በለኝ የኔ ልጅ። ወንድሜን ቅዳሜ ልቀብር ነው።»

«ደብዳቤው ደርሶሻል አይደል?»

«ደርሶኛል። ባሌን እዚያ የቀበርኩት እኮ እኔ ነኝ። እናቴንም። ከባርነት ዘመን ወዲህ የለም የሚለኝ ማነው?»

«የታሪክ ኮሚቴያችን ነው። አጥንተውታል። ስም ያለበት ድንጋይ የለም፤ እንጨት እንኳ የለም።»

«እንጨቱን አውሎ ነፋሱ ወሰደው! ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት መንገዱ ይጠገናል እያላችሁ ማን አስገባን?»

ኪትሪጅ ፈገግታውን ሳያወርድ የኮሚቴውን ሊቀመንበር አስጠራ። ወይዘሮ ዊትሎክ ጡረታ ወጥታ ከኦሃዮ የመጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንገቷ ላይ መነጽር ያንጠለጠለች ሴት ናት። የሲናን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺን ማግኘቴ ምንኛ ደስ ይላል! የናንተን ሰዎች ታሪክ እኮ እንደምወደው! ነይ፣ ነይ ላሳይሽ። ስታዪው ራስሽ ታምኛለሽ።»

በአዳራሹ ጥግ፣ መብራት የበራበት የመስታወት ሣጥን ነበር። «መቃብሩ ላይ ተበታትኖ አገኘነው» አለች ወይዘሮ ዊትሎክ። «ሁሉም ስብርባሪ ነው፤ እንደ ቆሻሻ ሊጣል ነበር። እኔ ነኝ ያዳንኩት። የባሪያዎቹ ዕቃ ነው፤ ይኸው፣ ማስረጃው።»

ሲና ጎንበስ አለች።

መጀመሪያ ያየችው ሰማያዊውን ስኒ ነው። ጆሮ የለውም። ጆሮውን የሰበረችው ሲና ራሷ ናት፤ እናቷ በመጨረሻዋ ቀን ውሃ የጠጣችበት ስኒ ነው። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። «ስኒ። ከጌታው ማድ ቤት የተሰረቀ ሳይሆን አይቀርም።»

እግዚኦ! እናቷ ሸርጣን ለቅማ፣ ቅርጫት ሰፍታ፣ በራሷ ላብ ከገበያ የገዛችው ስኒ!

ከስኒው ቀጥሎ ሰዓቱ ነበር። የነሐስ፣ የጠረጴዛ ሰዓት፤ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ ፊቱ ተሰንጥቋል፣ ዘንጎቹ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆመዋል። «የባሪያ ጎጆ ሰዓት፣ 1850 ገደማ» ይላል ጽሑፉ። «ባሪያዎቹ ሰዓት ማንበብ ባይችሉም ለጌጥነቱ ይወዱት ነበር።»

ሲና ቀና ብላ መስታወቱን በመዳፏ ደገፈችና ተነፈሰች።

«አየሽ አይደል?» አለቻት ወይዘሮ ዊትሎክ። «ስሜቱ ከባድ ነው፤ ይገባኛል።»

«ማነው ከመቃብር ላይ ያነሳው?»

«በጎ ፈቃደኞቻችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ። ደስ የሚል ፕሮግራም ነበር።»

«እኛ ዘንድ ከመቃብር ዕቃ አይነሳም» አለች ሲና። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው። «ሰው ሲሞት መጨረሻ የተጠቀመበት ዕቃ ይቀመጥለታል። ተሰብሮ ነው የሚቀመጠው፤ ሞቱ ሌላ ሰው አስከትሎ እንዳይሄድ፣ ሰንሰለቱ እንዲበጠስ። ያነሳው ሰው ቤት ባለቤቱ ይመጣበታል። ሕፃን ሆነን እንኳ በዚያ ስናልፍ እጃችንን ኪሳችን ከተን ነው። እናንተ ደግሞ ከቁርስ በኋላ!»

«እንዴት የሚገርም እምነት ነው!» አለች ወይዘሮ ዊትሎክ፤ የሆነ ነገር ማስታወሻ ላይ ጻፈች።

«ያ ሰዓት የባሌ ነው።»

ኪትሪጅና ወይዘሮ ዊትሎክ ተያዩ። በትዕግሥት ነው የተያዩት፤ ሲና ያን መተያየት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዶክተር ቤት፣ ባንክ ቤት፣ ትምህርት ቤት አይታዋለች።

«ቶማሲና፣ ሐዘን ላይ ነሽ» አለ ኪትሪጅ።

«እንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ ነው የኔ እመቤት» አለች ሴትዮዋ። «ሰው ሲያዝን ደግሞ የሚያየው ሁሉ የራሱ ይመስለዋል።»

ዴልሮይ ይሄን ጊዜ ክንዱን ሰበሰበ። «አክስቴ፣ ዞር በይ። መስታወቱን በአንድ ክርን ነው የማወርደው።»

«አርፈህ ቁም!»

«አያቴን ሌባ አሏት እኮ!»

«አርፈህ ቁም አልኩህ! የሰበርከው ቀን የኛን ሬሳ ትተው ስለ መስታወታቸው ነው የሚያወሩት። አባትህ ቅዳሜ ይቀበር፤ ከዚያ ያሻህን ስበር።» ወደ ኪትሪጅ ዞረች። «ክፈተው።»

«ዕቃዎቹን መንካት...»

«አልነካም። ከጀርባው ትንሽ በር አለው፤ መጠምዘዣ ቁልፉ የሚቀመጥበት። ዝጎ ነው እንጂ ይከፈታል። በየእሑዱ ለሁለት ዓመት የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። በሩን ክፈተውና ከውስጥ ያለውን አንብብልኝ። ምንም ከሌለ ሄጄ ወንድሜን ሌላ ቦታ እቀብራለሁ።»

አለች እንጂ እርግጠኛ አልነበረችም። ሃያ ዓመት በዝናብና በባሕር ጨው! ጽሑፉ ተበልቶ ቢሆንስ? በቃል አምነን ተታለልን ብላ ስትናደድ ቆይታ፣ አሁን እሷም ክሊቭላንድን በአንዲት የነሐስ በር ላይ አስያዘችው።

ወይዘሮ ዊትሎክ ነጭ ጓንት አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተችና ሰዓቱን አወጣች። በሩ እምቢ አለ። ጓንት ያደረገው እጅ ሁለቴ ተንሸራተተ።

«እኔ እከፍተዋለሁ» አለች ሲና፣ «ግን መጀመሪያ ላናግረው።»

«ማንን?» አለ ኪትሪጅ።

ሲና ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አለች። «ሮስኮ፣ እኔ ነኝ። እንዳትቆጣ። ያነሱህ እነሱ ናቸው፣ እኔ ልመልስህ ነው የመጣሁት። አንዴ ጀርባህን ከፍቼ ነው፤ ለክሊቭ ነው፤ ታውቃለህ፣ ያንተው አሳ አጥማጅ ጓደኛ።» ከዚያ ከጸጉሯ ሽቦ መዘዘች፤ የዛገውን ጠርዝ ዙሪያውን ፋቅ ፋቅ አደረገችና ሽቅብ አነሳችው። ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

ውስጡ ያበራል። ዝናቡ አልደረሰበትም። ሲና የመጣ እንባዋን ዋጥ አደረገች። «አንብብ» አለችው ኪትሪጅን።

ኪትሪጅ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ወደ መሀል ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «‹ለሮስኮ ኬፐርስ። ለሃያ ሁለት ዓመት ታማኝ አገልግሎት። ከሄርንደን ፕላንቴሽን ጎልፍ ክለብ። 1994።›»

ከጽሑፉ በላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ዘንባባ ተቀርጿል። ኪትሪጅ ደረት ላይ ያለው ዘንባባ ነው፤ ቁርጥ እሱኑ።

«የሰጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ» አለች ሲና። «አጨብጭባችሁ፣ ኬክ ቆርሳችሁ። በሁለት ዓመቱ መቃብሩ ላይ አስቀመጥኩት። በሞተበት ደቂቃ ላይ ያቆምኩት እኔ፣ ፊቱን የሰበርኩት እኔ። ሮስኮ ሰዓት ማንበብ ያውቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳያረፍድ ሣራችሁን ያጨደው በምን መሰላችሁ?»

አንድ ሰውዬ ከቡና ማሽኑ ዞሮ አየ።

ሰው ቢሆኑ ይሄኔ ያፍሩ ነበር። ወይዘሮ ዊትሎክ ግን እጇን አጨበጨበች። «ይሄ እኮ ከጠበቅነው በላይ ነው! የታማኝ ሠራተኛ ሰዓት! ጽሑፉን ወዲያው እንቀይረዋለን፤ ፎቶውን ካመጣሽልን ከጎኑ እናደርገዋለን። እዚሁ ይቆይ ብትፈቅጂልን...»

ሲና አየቻት። ለዚች ሴት የሚሆን ስድብ ስትፈልግ ሁሉም አነሰባት። ሰዓቱን ከእጇ ወሰደች፤ ስኒውን ከሣጥኑ አነሳች፤ ሁለቱንም በሻርፗ ጠቀለለች።

ኪትሪጅ ያን ጊዜ አሰላስሎ ጨርሶ ነበር። ስለ ጠበቃ፣ ስለ ጋዜጣ ያሰበ ይመስላል፤ ግንባሩን አልቦታል። «ቅዳሜ ይሁን» አለ። «ግን ውድድር አለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ከአምስት መኪና አይበልጥ። ደግሞ በኬላው የሚገባውን ሰው ሁሉ ሙሉ ስም ዝርዝር እፈልጋለሁ። ሁሉንም።»

«አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ ሚስተር ኪትሪጅ።»

እዚያው ቆማ ጻፈችለት። ሲና ለቤተ ክርስቲያን ይሁን ለዘመድ ግብዣ ዝርዝር ስትጽፍ ሁልጊዜ የቤተሰቡን ታላቅ ነው የምታስቀድመው። እጇ ሃምሳ ዓመት እንደለመደው ጻፈ፤ ሃያ ሦስት ስም። ዴልሮይ ወረቀቱን አይቶ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአስከሬኑ መኪና ኬላው ላይ ቆመ። ዘበኛው ጃርቪስ የሲና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ የሰንበት ትምህርት ያስተማረችው እሷ ናት። ኮፍያውን አውልቆ መጣ፤ እጁ ላይ የካርድ ክምር ይዟል።

«ሚስ ሲና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽኑ ነው ያተመው። እኔ ባየሁትማ ኖሮ...»

የላይኛውን ካርድ ሰጣት። «እንግዳ» ይላል። «ክሊቭላንድ ማዚክ። ለአንድ ቀን ብቻ። ሲወጡ ይመለስ።»

ከኋላ ወንበር ያለችው የዴልሮይ ሚስት «ወይኔ!» አለች። ሲና ለአፍታ በራሷ ነደደች፤ ሬሳን እንግዳ ብላ ያስመዘገበችው የገዛ እጇ ነው። ከዚያ ንዴቷ መንገዱን አገኘ። እንግዳ! አባቶቹ የመነጠሩት ምድር ላይ፣ አጥንታቸው ባለበት ምድር ላይ፣ ለአንድ ቀን ብቻ! ዘወር ብላ ዴልሮይን አየችው፤ ዴልሮይ በእንባም በሳቅም መሃል ሆኖ «አየሁት እኮ ያኔ» አለ። «አባዬ በስሙ ይግባ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ደግ አደረግህ» አለችውና ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መቃብሩ ከጎልፍ ሜዳው ዘጠነኛ ጉድጓድ ማዶ ነው። ራቁቱን ቀርቷል፤ ስኒ የለ፣ ሳህን የለ፣ ዛጎል የለ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ የለ። ጠራርገው ሣር ዘርተውበታል። ሲና እናቷንና ሮስኮን ያገኘቻቸው ከትልቁ የኦክ ዛፍ እርምጃ ቆጥራ ነው። በእግራቸው ሥር ሦስት የጎልፍ ኳስ ወድቋል። ዴልሮይ አንድ በአንድ ለቅሞ ረግረጉ ውስጥ ወረወራቸው።

የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ሬቨረንድ ሲንግልተን ጸለየ፤ ሴቶቹ በእጃቸውና በእግራቸው እየመቱ ዘመሩ። ክሊቭላንድን ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገው አወረዱት። መዝሙሩ መሃል ላይ አንድ ባለ ሮዝ ሱሪ ሰውዬ በጎልፍ ጋሪ መጥቶ ከሜዳው ጠርዝ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል?»

«ከጀመርነው ሁለት መቶ ዓመት አልፎናል» አለችው ሲና። «ትንሽ ታገሥ።»

ሰውዬው ጋሪውን አዙሮ ሄደ።

አፈሩ ሲመለስ ሲና ሻርፗን ፈታች። ስኒውን ለእናቷ፣ ሰዓቱን ለሮስኮ መለሰች። «ይኸው ቤትህ» አለችው። ከዚያ የክሊቭላንድን የቡና ኩባያ አውጥታ በድንጋይ ጆሮውን መታ አደረገችና ራስጌው አኖረችው። መነሳት ሲገባት አልተነሳችም።

«አክስቴ፣ ሰዓቱ እኮ ደረሰ» አላት ዴልሮይ።

«መጨረሻ የተጠቀመበት ዕቃ ነው የሚቀመጠው አይደል?»

«አዎ።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ካርዱን አወጣች፣ ለሁለት ቀጭ አድርጋ ሰበረችው፣ ስብርባሪውን ኩባያው ውስጥ ከተተችው። ዴልሮይ ጎንበስ ብሎ ንፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫነበት።

ሲወጡ ጃርቪስ ካርዶቹን ተቀበለ፣ በማሽኑ አንድ በአንድ አሳለፈ። ማሽኑ ቀይ አበራና ጮኸ። ጃርቪስ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ጮኸ።

«ሚስ ሲና፣ ሃያ ሁለት ነው የሰጡኝ። ሃያ ሦስት ገብቷል ይላል። አንድ ሰው ይጎድላል።»

«አይጎድልም የኔ ልጅ። ሃያ ሁለት ነው የወጣነው።»

ጃርቪስ የስክሪኑን ስም አነበበ። ቀና ብሎ አያት፤ ገብቶታል። ከኋላቸው የውድድሩ መኪኖች ተሰልፈው ጡሩምባ ጀምረዋል።

«ካርዱ ካልተመለሰ ይሄ ነገር መጮኹን አያቆምም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «በየቀኑ ‹ክሊቭላንድ ማዚክ ግቢ ውስጥ ነው› እያለ ቢሮ ድረስ ነው የሚጮኸው። ሚስተር ኪትሪጅ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ሲና መስኮቱን ወደ ላይ መዝጋት ጀመረች።

«ማሽንህ ልክ ነው በለው» አለችው። «ይጩህ።»